ከቁራኛ እስከ ገደብ፦ በችሎትና በቤት መካከል ያለው መንገድ



የወንጀል ፍትሕ ታሪክ ሲጻፍ የጸሐፊውን ዐይን አዘውትረው የሚስቡት ሁለት ሥፍራዎች ናቸው፤ ችሎትና ወኅኒ። እኔ ዛሬ የማነሣው ወደ ችሎት የሚያስገባውንና ከችሎት የሚያስወጣውን መንገድ ነው። ተከሳሽ ወደ ዳኛ ሲሄድ፣ ጥፋተኛም በገደብ ተለቆ ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ እንዳያመልጥም እንዳይጠቃም ኃላፊው ማን ነው?

በአገራችን የዚህ ጥያቄ ቀደምት መልስ ቁራኛ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወይም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይጓዙ ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ልማድ በጽሑፍም በፎቶግራፍም አስቀርተውልናል። ትዕይንቱ ለእነርሱ እንግዳ ነበር፤ ለታሪክ ተማሪ ግን አሠራሩ ይበልጥ ያስተምራል። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ስለነበረው ከሳሹም ነፃነቱን ያጣል፤ እርሻውና ገበያው ይታጎልበታል። ስለዚህ ሰውን በዋዛ ማሰር ለራስም ዕዳ ነበር። በሌላ በኩል ጉዞው በአደባባይ ነው። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል፤ አላፊ አግዳሚውም ይሰማል፣ ይመሰክራል፣ አንዳንዴም በዳኝነት ይቀመጣል። መንገደኛው ሁሉ ዘብ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬም አንድን ሰው አጥብቀን ስንከታተል «በዐይነ ቁራኛ» ጠበቅነው የምንለው ከዚሁ ልማድ የተረፈ አነጋገር ነው።

ይሁንና ቁራኛን ማሞገስ አልሻም። የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ የያዘው ገለልተኛ ሰው ሳይሆን ቂም ያለው ባላጋራ ነው። በደም በሚፈላለጉ ቤተሰቦች መካከል ይህ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ከቁራኛ ይልቅ ለዛሬው ገደብ የሚቀርበው ዋስ ነው። ዋስ ያገኘ ሰው ሳይታሰር ይሄዳል፤ ቢጠፋ ግን ዕዳው በዋሱ ላይ ይወድቃል። ማሰሪያው ከብረት ወደ ቃል ተለወጠ ማለት ነው። በሌላው ዓለምም ገደብ የበቀለው ከዚሁ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በቦስተን ከተማ ጆን ኦገስተስ የተባለ ጫማ ሠሪ በስካር የተከሰሰን ሰው ዋስ ሆኖ አስለቀቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላም ራሱ አብሮት ወደ ችሎት ገባ፤ ዳኛውም ሰውየው መለወጡን አይቶ በአንድ ሳንቲም መቀጮና በችሎቱ ወጪ ብቻ አሰናበተው። የማሳቹሴትስ ግዛት በ1878 ይህን አሠራር ሕግ አደረገችው። ኦገስተስ ዋስ መሆን ብቻ ሳይሆን አብሮ መሄድን ጭምር የሥራው አካል እንዳደረገ ልብ በሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ ተጠርጣሪን ይዞ ማቅረብም ቀስ በቀስ የመንግሥት ሥራ ሆነ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ገደብን በዘመናዊ መልኩ አስገባ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አጸናው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲያዝ፣ ለጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከዚህ ቈጠራ ያወጣል። መንገዱ ራሱ የሕግ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻሻለው የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንብም፣ እስረኛ ሲጓጓዝ በተቻለ መጠን ከሕዝብ ዐይን እንዲሰወር፣ አየርና ብርሃን በሌለው መኪና እንዳይጫን፣ ወጪውንም አስተዳደሩ እንዲችል ያዝዛል። የጥንቱ ሥርዓት የሕዝብን ዐይን ጠባቂ አድርጎ ሲሾም፣ የዛሬው የሰውን ክብር ከዚያው ዐይን ይከልላል።

እነዚህ ጥበቃዎች ግን የተጻፉት በእጅ ላለ ሰው ነው። በገደብ የተለቀቀው ሰው እስረኛ ስላልሆነ አጃቢም መኪናም አይታዘዝለትም። ሆኖም በቀጠሮው ቀን መቅረብ አለበት፤ የሚሄድበት መንገድም በተበዳዩ ዘመዶች ደጅ ሊያልፍ ይችላል። መሳፈሪያ አጥቶ የቀረ ሰውና ሆን ብሎ የቀረ ሰው በመዝገብ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ውጤቱ ግን የሰው ነፃነት ነው።

የእኔ መከራከሪያ እንግዲህ ይህ ነው፤ መንገዱን ያልቈጠረ ቁጥጥር ጎዶሎ ነው። ዳኛ ገደብ ሲሰጥ የሰውየው ቤት ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ፣ መሳፈሪያውን ከየት እንደሚያገኝ፣ በመንገዱ ላይ የሚያሰጋው ማን እንደሆነ፣ አብሮት የሚሄድ ሰው እንዳለ ቢጠይቅና መልሱን ከውሳኔው ጋር ቢያሰፍር፣ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ደም ያለበት ጉዳይ ሲሆንም ሽማግሌዎች ዕርቁን ከመመለሱ በፊት እንዲያስቀድሙ ዕድል መስጠት ይገባል። አባቶቻችን የመንገዱን ኃላፊ በስም ያውቁት ነበር፤ ቁራኛ ወይም ዋስ ይሉታል። እኛ ሰንሰለቱን መጣላችን ተገቢ ነበር፤ ኃላፊነቱን ግን አብረን ልንጥለው አይገባም።