የፐርሚያን መጨረሻ ጅምላ ጥፋት

የፐርሚያን መጨረሻ ጅምላ ጥፋት ከ252 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በምድር ላይ ይኖሩ ከነበሩት ዝርያዎች አብዛኞቹ ያለቁበት ክስተት ነው። የፐርሚያን ዘመን በዚህ አብቅቶ የትራያሲክ ዘመን ተከተለ። ከሚታወቁት አምስት ታላላቅ ጅምላ ጥፋቶች የከፋው ይህ ሲሆን፣ ከባሕር ዝርያዎች ከ80 በመቶ በላይ እንደጠፉ ይገመታል።

መንስኤ

አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ጥፋቱን የሚያያይዙት በዛሬዋ ሩሲያ፣ በሳይቤሪያ ከፈነዳው እሳተ ገሞራ ጋር ነው። ላቫው የወጣው ከአንድ ተራራ ጫፍ ሳይሆን ከረጃጅም የመሬት ስንጥቆች ነበር፤ ሲቀዘቅዝም እጅግ ሰፊ አገር የሚሸፍን የባዝልት ድርብርብ ሆነ።

ላቫው ራሱ ያቃጠለው የደረሰበትን ምድር ብቻ ነው። የዓለም ጥፋት የመጣው ከመሬት በታች ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው ማግማ የድንጋይ ከሰል፣ የኖራ ድንጋይና የጨው ንጣፎችን ሲያግል ከፍተኛ መጠን ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ወደ አየር ተለቀቀ።

ውጤት

በምድር ወገብ አካባቢ የባሕሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨመረ። የሞቀ ውኃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ የባሕር እንስሳት ታፍነው ሞቱ። በውኃው የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድም የባሕሩን አሲድነት ስለጨመረ፣ ከኖራ ዛጎል የሚሠሩ ፍጥረታት ተጎዱ። ከ250 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የኖሩት ትሪሎባይቶች ያኔ ፈጽመው ጠፉ። በየብስም ደኖች ወደሙ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ የተፈጠረ የድንጋይ ከሰል አይገኝም።

የዘመኑ አለካክ

በቻይና፣ ሜይሻን በተባለው ቦታ፣ በኖራ ድንጋይ ንጣፎች መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ይገኛል። በአመዱ ውስጥ ባለው ዚርኮን የተባለ ማዕድን ያለው ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ የሁለቱ መጠን ዕድሜውን ይናገራል። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ልኬት መሠረት ዋናው ጥፋት የወሰደው 60,000 ዓመት ገደማ ነው።

ከጥፋቱ በኋላ

ከተረፉት አንዱ ሊስትሮሳውረስ የተባለው ሣር ቅጠል በል እንስሳ ነው። አህጉራት ያኔ ፓንጂያ በተባለ አንድ የብስ ተያይዘው ስለነበር፣ ቅሪተ አካሉ በደቡብ አፍሪካ፣ በሕንድና በአንታርክቲካ ይገኛል። ዳይኖሰሮችና የመጀመሪያዎቹ አጥቢዎች የተነሡት በዚሁ በትራያሲክ ዘመን ነው።

ንጽጽር

የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ባዝልትም ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከስንጥቆች በፈሰሰ ላቫ የተሠራ ነው። ሆኖም በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ጅምላ ጥፋት አልደረሰም። ስለዚህ የላቫ ብዛት ብቻውን ጥፋትን አያመጣም፤ ምን ያህል ጋዝ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደወጣም ወሳኝ ነው።