ስደተኛው ቤተ ሰብ በባዝ ከተማ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር የሚቀመጥበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ ይወጣል፤ አንዱ ለትምህርት ይወጣል፤ አንዱ ንጉሥ ልኮት ለመልእክት፥ አንዱም ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ የሚመለሱበትን ቀን በልባቸው ቈጥረው የሚወጡ ስለ ሆኑ እንግዶች ይባላሉ። የመመለሻውን ቀን ሳያውቅ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የወጣ ግን ስደተኛ ይባላል። እንግዳ የሚሻው አልጋ ነው፤ ስደተኛ የሚሻው ግን ምድጃ ነው። አልጋ ለሰነበተ ሁሉ ይገኛል፤ ምድጃ ግን ማገዶና ስንቅ፥ የልጆች መምህርና የንስሓ አባት፥ በመጨረሻውም የመቃብር ስፍራ ያስፈልገዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ የሚወድ ሰው የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ ሰብ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የኖረበትን ዘመን ቢመረምር ብዙ ነገር ያገኛል።

እነዚህ ሰዎች የእንግሊዝን አገር አስቀድመው የሚያውቁት በእንግድነት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ ዘውድ በተጫነበት በ1903 ዓ.ም. ከመልእክተኞቹ ጋራ ሎንዶንን አይተዋል። ንጉሠ ነገሥቱም አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1916 ዓ.ም. ብዙ መኳንንት አስከትለው የአውሮፓን ከተሞች በጐበኙ ጊዜ በዚያው አገር በክብር ተቀብለዋቸዋል። ያን ጊዜ የተዘረጋላቸው ምንጣፍ የእንግዳ ምንጣፍ ነበረ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ወደዚያው አገር ሲመለሱ ግን ባሕሩም ያው፥ ወደቡም ያው ሲሆን ስማቸው ተለውጦ ነበር።

ነገሩም እንዲህ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጦርነት ድል ከሆነ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዐዲስ አበባ ተመለሱ። በዚያም መኳንንቱ ተሰብስበው ብዙ ክርክር ተደረገ። የሚበዙት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዤኔቭ ሄደው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ይበሉ አሉ። እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉት ደግሞ ንጉሥ ከአገሩ አይውጣ፥ እዚሁ ይዋጋ ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። በመጨረሻው የመሄዱ ምክር ጸና፤ ሚያዝያ 24 ቀን ሊነጋ ሲል ባቡሩ ከዐዲስ አበባ ተነሣ። ይህ ፍርድ ትክክል ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት አቡነ ጴጥሮስ በዐዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው በሰማዕትነት ማረፋቸውን የሚያስብ ሰው የቀሩትን ያመሰግናል። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በዤኔቭ ቆመው የኢጣልያ ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው በአማርኛ የተናገሩትን የሚያስብ ደግሞ ያ ቃል ባይነገር ኖሮ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ሸንጎ ያለ ጠበቃ ይቀር ነበር ይላል። ዳሩ ግን ባቡሩ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ጠበቆች አልነበሩም፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። ክርክሩ ስለ ንጉሥ ሲደረግ ቤተ ሰብ ይረሳል።

ከጅቡቲ ሚያዝያ 26 ቀን ኤንተርፕራይዝ በሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ኢየሩሳሌም ለኢትዮጵያዊ ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም። በዴር ሡልጣንም በደብረ ገነትም መነኮሳቱ አሉ፤ ቅዳሴው በግዕዝ ነው፤ ጾሙም በዓሉም በአገር ቤት ሥርዓት ይውላል። ስለዚህ ከስደተኞቹ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ግንቦት 15 ቀን ከሐይፋ ተነሥተው ግንቦት 26 ቀን ሎንዶን ገቡ። በባቡር ጣቢያው እልል የሚል ብዙ ሕዝብ ቢቀበላቸውም የመንግሥቱ አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር፤ ሕዝብ በልቡ ሲፈርድ መንግሥት በጥቅሙ ይመዝናልና።

ባዝ ከሎንዶን ወደ ምዕራብ ያለች፥ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውሃዋ የታወቀች ከተማ ናት። ዐዲስ አበባም የተቈረቈረችው በፍል ውሃ ምክንያት መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚህ ነገር ይገረማል። በዚያች ከተማ ዳር ፌርፊልድ የሚባል ቤት ተገዛ። ቤቱ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተሠራ ሲሆን አሠራሩ የኢጣልያን ቤቶች የሚመስል ነበር። ከኢጣልያ ጦር የሸሸ ቤተ ሰብ በኢጣልያ አምሳል በተሠራ ቤት መጠጋቱን እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቀው ምሥጢር ነው።

ቤት መግዛት አንድ ነገር ነው፤ በቤት መኖር ሌላ ነገር ነው። እቴጌ መነን ከኢየሩሳሌም መጥተው ከቤተ ሰቡ ጋራ ቢቀመጡም የእንግሊዝ አገር ብርድና እርጥበት ለጤናቸው ስላልተስማማ ተመልሰው በኢየሩሳሌም ለጊዜው መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። የድንጋይ ከሰል በገንዘብ ይገዛል፤ ገንዘቡ ግን እያደር አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ይዘውት የወጡት የብር ዕቃ በሎንዶን በጨረታ ተሸጠ። በግብር ቀን ብዙ መኳንንት የበሉበት ሳሕን የማያውቁት ሰው ማዕድ ላይ ሲቀርብ ማሰብ ለቤቱ እመቤት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከዕቃው ይልቅ ዕቃውን የሸጡለት ነገር ይበልጥ ነበር፤ ሊመገቡ ብቻ ሳይሆን አብረው የተሰደዱትን ሊያኖሩና አቤቱታቸውን ሊቀጥሉ ነበርና።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ዘመንን መጠበቅ ነው። በአገር ቤት መስከረም 1 ቀን ሲብት ምድሩ ሁሉ በዐደይ አበባ ይመሰክራል፤ በባዝ ግን ቅጠሉ መርገፍ የሚጀምርበት ወራት ነው። እንግሊዞች ልደትን ታኅሣሥ 16 ቀን አክብረው ከጨረሱ በኋላ የስደተኞቹ ጾም ገና ዐሥራ ሦስት ቀን ይቀረዋል። ጐረቤት ሲፈስክ መጾም፥ ጐረቤት ሥራ ሲውል ማክበር፥ ለአዋቂ የሃይማኖት ሥራ ነው፤ ለሕፃን ግን ጥያቄ ነው። ስለዚህ በፌርፊልድ ግቢ አትክልት ይጠበቅበት የነበረው የመስታወት ቤት ጸሎት ቤት ተደረገ፤ አብረው የተሰደዱት ካህናትም በዚያ ጸሎት አደረሱ። በመስታወቱ ውስጥ ከብርድ ይጠበቅ የነበረው ተክል ወጥቶ የአባቶች ሥርዓት ገባበት። ሁለቱም ያለ መጠለያ በዚያ አገር አየር ሊጸኑ የማይችሉ ነበሩ።

መርዶም ያን ቤት አላጣውም። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው በጠላት እጅ ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ልዕልት ተናኘ ወርቅ ልጆቻቸውን ይዘው በስደት ሳሉ መበለት ሆኑ። የልዕልት ሮማነ ወርቅ ባል ደጃዝማች በየነ መርዕድም በዚያው ወራት ተገደሉ፤ ልዕልቲቱም ከልጆቻቸው ጋራ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና በቱሪኖ ከተማ በ1933 ዓ.ም. ዐረፉ። እነሆ የአንድ አባት ልጆች ሁሉም ከአገር ወጥተው ነበር፤ አንዷ በስደት፥ አንዷ በምርኮ። በስደት ያለ ሰው መርዶ ሲሰማ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ፥ ተዝካር የሚያወጣበት ደብር የለውም። በአገር ቤት ኀዘን በሕዝብ መካከል ይከፈላል፤ በባዕድ አገር ግን አንድ ቤት ብቻውን ይሸከመዋል።

ይህ ሸክም ከከበደባቸው አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ናቸው። በቅኔው ቤት ያደጉ፥ በግዕዝም በአማርኛም የተራቀቁ፥ «ወዳጄ ልቤ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ፥ እስከ ጃፓንም ደርሰው ያዩትን ለአገራቸው ሰው ያስረዱ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በጠላት እጅ ሞቶባቸዋል። ራሳቸውም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በፌርፊልድ ዐርፈው በባዝ ከተማ ተቀበሩ። ያ ቤት ምድጃ ከሆነ በኋላ መቃብርም አስፈለገው። ከነፃነት በኋላ ግን ዐፅማቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በዐዲስ አበባ ዐረፈ።

በዚያው ዓመት ሌላ ኀዘን መጣ፤ ይህኛው በሰው ሞት ሳይሆን በፍርድ ቤት ነበር። አንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት መክፈል የሚገባው ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ገንዘብ ስለ ነበረበት ንጉሠ ነገሥቱ በሎንዶን ከሰሱ። የመጀመሪያው ዳኛ ፈረደላቸው። ዳሩ ግን ጉዳዩ በይግባኝ ሳለ በኅዳር ወር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያ ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው ብሎ ዐወቀ፤ ስለዚህ የይግባኙ ዳኞች ገንዘቡ የኢጣልያ ነው ብለው ፍርዱን ገለበጡት። ስደተኛ ማለት ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። በሰው አገር ቤት ገዝቶ ይኖራል፤ በመንገድ ሲሄድ ባርኔጣ ይነሣለታል፤ በሕግ ፊት ግን ስሙ በሌላ ሰው ላይ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቤት ተቀምጠው የሕይወታቸውን ታሪክ በአማርኛ ማስጻፋቸው በከንቱ አይደለም፤ ሌሎች የፋቁትን ስም በገዛ ቋንቋ ጽፎ ማቆየት አስፈላጊ ነበርና።

ነገር ግን ስለ አንድ የታወቀ ቤት ሲነገር የብዙዎቹ ስደት ሊሸፈን አይገባም። ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ የገቡት ብዙ ኢትዮጵያውያን በኢሲዮሎ በኋላም በታቬታ በሰፈር ተጠብቀው ኖሩ፤ ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ የተሰደዱም ነበሩ። እነዚህ የሚሸጡት የብር ዕቃ፥ የሚገዙት ቤት አልነበራቸውም። በፌርፊልድ የነበረው ችግር ሁሉ በእነርሱ ላይ እጥፍ ሆኖ ነበር።

ስደት የሚወስደውን ሲወስድ አንዳንድ ነገር ደግሞ ይሰጣል። ልዕልት ፀሐይ በሎንዶን በሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደ ማንኛይቱም ተማሪ የአስታማሚነትን ሙያ ተማሩ፤ በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በአገራቸው ቢሆኑ ኖሮ የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ ቍስል አጥባ አትውልም ነበር። በሰው አገር ግን የክብር ስም እንጀራ ስለማይሆን እጅ ሥራ ይማራል። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሙያቸውን ሊሠሩበት ሲጀምሩ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በለቀምት ዐረፉ። በስማቸውም በዐዲስ አበባ የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ ለሥራውም በእንግሊዝ አገር ካሉ ወዳጆች ገንዘብ ተሰበሰበ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ የተዘጋው በር ተከፈተ። ትናንት መብቱን የነሣው መንግሥት ዛሬ ወዳጅነቱን ፈለገ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 17 ቀን በአውሮፕላን ተነሥተው በግብፅ በኩል ሱዳን ደረሱ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የአገራቸውን ምድር ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ዐዲስ አበባ ገቡ። ቤተ ሰቡም ባዝን ትቶ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቈይ በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. የጀርመን አውሮፕላኖች ባዝን በቦምብ ደበደቧት፤ ከአራት መቶ በላይ ሰው ሞተ። በዤኔቭ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ስደተኞቹን ባስጠጋችው ከተማ ላይ ተፈጸመ።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1947 ዓ.ም. ባዝን በጐበኙ ጊዜ ከተማይቱ የክብር ዜጋ አድርጋ ተቀበለቻቸው፤ እርሳቸውም ኋላ ፌርፊልድን ለከተማይቱ አረጋውያን መጠጊያ እንዲሆን ሰጡ። ስደተኛ የተጠለለበትን ቤት ለአስጠጋው ሕዝብ ሽማግሌዎች መስጠቱ ያማረ ውለታ ነው። ሆኖም የዚያ ቤት ታሪክ በዚህ አላለቀም። በባዝ መበለት የሆኑት ልዕልት ተናኘ ወርቅ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ከወደቀ በኋላ ለዐሥራ አራት ዓመት ያህል በገዛ አገራቸው ታሰሩ፤ ከእስር ሲወጡም ሁለተኛ ወደ ባዕድ አገር ሄዱ። በስተርጅናቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በዐዲስ አበባ ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። አገር በሩቅ ላለ ሰው መሬት ብቻ አይደለችም፤ የጾምና የበዓል ቀን ናት፤ በማዕድ ላይ የሚነገር ቋንቋ ናት፤ የሞተውን በስሙ የሚጠራ ጸሎት ናት። እነዚህን በመስታወት ቤት እንኳ ቢሆን የጠበቀ ሰው በተመለሰ ጊዜ አገሩን ያውቃታል። እነዚህን የጣለ ግን ባሕር ሳይሻገር በደጁ ተቀምጦ ሳለ ስደተኛ ሊሆን ይችላል።