የኮምፒውተር ፕሮግራም መለያ ጽሑፍ ምን ያህል ይታመናል?

ለሒሳብና ለመዝገብ አያያዝ የሚያገለግሉ አነስተኛ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ተቀባዩም በፕሮግራሙ መለያ ላይ የሚያየውን የአምራች ስም ሊያምን ይችላል። ሆኖም ከረጢት ላይ «ምርጥ ዘር» ተብሎ መጻፉ በውስጡ ያለውን እህል ምርጥ ዘር እንደማያደርገው ሁሉ፣ ይህም ጽሑፍ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

መለያው ምንድን ነው?

በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ የ«ኤግዚ» ፋይል የአምራቹን ስም፣ የፕሮግራሙን መግለጫ፣ የቅጂ መብት ባለቤቱንና የስሪት ቁጥሩን ሊይዝ ይችላል። ስለ ፋይሉ የሚገልጸው ይህ መረጃ ሜታዳታ ይባላል። ፋይሉን በማውስ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «ዲቴይልስ» የሚለውን በመምረጥ መመልከት ይቻላል።

እንዴት ይጻፋል? እንዴትስ ይቀየራል?

በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት «ፓይኢንስቶለር» በተሰኘው መሣሪያ ወደ ኤግዚ ሲለወጥ፣ መለያውን የሚሞላው ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ሰው ነው። መረጃውን በተለየ የጽሑፍ ፋይል አዘጋጅቶ በግንባታው ወቅት ያስገባዋል። የስሪት ቁጥሩ አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 65535 ያለ ቁጥር ይቀበላል። የተጻፈው ስም እውነት መሆኑን ግን መሣሪያው አያጣራም።

ግንባታው ካለቀ በኋላም «ሪሶርስ ሀከር»ን በመሳሰሉ መሣሪያዎች መለያውን መቀየር ይቻላል። ይሁን እንጂ በአንድ ፋይል የተጠቀለለ የፓይኢንስቶለር ፕሮግራም ስክሪፕቱን የሚይዘው በፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ማስተካከያው ይህን ክፍል ከቆረጠው ፕሮግራሙ አይነሳም። ስለዚህ ስሕተት የተገኘበትን መለያ ከምንጩ አርሞ እንደገና መገንባት ይመረጣል።

ተጠቃሚው ምን ያጣራ?

ከመለያ ጽሑፍ ይልቅ አስተማማኝ የሚሆነው ዲጂታል ፊርማ ነው። ፊርማ ያለው ፋይል በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚል ክፍል ይኖረዋል። ከተፈረመ በኋላ መለያው ቢነካ ፊርማው ዋጋ ያጣል፤ በዚህም ምክንያት አዘጋጆች የሚፈርሙት ሁሉንም ካጠናቀቁ በኋላ ነው።

ፊርማው ፈራሚው ማን እንደሆነና ፋይሉ ከዚያ ወዲህ እንዳልተለወጠ ያሳያል እንጂ ፕሮግራሙ ጉዳት እንደሌለው ዋስትና አይሰጥም። በአንጻሩ የፊርማ የምስክር ወረቀት ክፍያ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ፊርማ የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ስለሆነም ፕሮግራሙን ከአዘጋጁ በቀጥታ መቀበል፣ ከመክፈት በፊት በጸረ ቫይረስ መፈተሽና የመዝገቦችን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።