ጣት፣ ፊትና ስም፦ በገዳሪፍ ድንበር ቴክኖሎጂ ሰውን የሚያውቅበት መንገድ

የገዳሪፍ ከተማ ስም በዐረብኛ ሲጻፍ፣ “አል” ከሚለው መነሻ ቀጥሎ የሚመጣው “ቃፍ” የተባለው ፊደል ነው። ሱዳናውያን በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ይህን ፊደል እንደ “ግ” ስለሚያሰሙት አማርኛ የሰማውን ተከትሎ “ገዳሪፍ” ብሎ ይጽፈዋል። በላቲን ፊደል ደግሞ ከተማዋ ከአንድ በላይ አጻጻፍ አላት። ከተማ ስሟ በተለያየ መልክ ቢጻፍ ከቦታዋ አትጠፋም። ድንበር ተሻግሮ ከመዝጋቢ ፊት የቆመ ሰው ስሙ ሲለዋወጥ ግን የዕርዳታ ካርዱ፣ ለልጆቹ ወላጅ መሆኑን የሚያስረዳበት ማስረጃ፣ ከተለየው ቤተሰቡ ጋር የመገናኘት ዕድሉ ሁሉ አብሮ ሊናጋ ይችላል።

ኢትዮጵያና ሱዳን በሚዋሰኑበት በዚህ አካባቢ ሰው ሲሻገር የኖረው በሁለቱም አቅጣጫ ነው። በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ እ.አ.አ በ1980ዎቹ ከረሃብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያንን አስጠልሏል። በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ ያው መጠለያ ዳግም ተከፈተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩት ሰዎች ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ደረሰ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ፤ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ፣ በምዕራብ ጎንደር የኩመርና የአውላላ መጠለያዎች ተቋቋሙ። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን በየዓመቱ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ አለ።

በ1980ዎቹ የመዝጋቢው መሣሪያ ብዕርና ወረቀት ነበር። ዛሬ በጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር፣ የጣት አሻራ መቀበያና የዐይን አሻራ የሚያነሣ ካሜራ ተደርድረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚጠቀምበት ሥርዓት የአሥር ጣቶችን አሻራ፣ የሁለቱን ዐይኖች ምስልና የፊትን ፎቶግራፍ ይመዘግባል። መሣሪያው ፈጣን ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ፣ የአንዱ ድርሻም በሌላው እንዳይወሰድ ይረዳል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ሰውን የሚያውቀው በተሠራበት ልክ ብቻ ነው። ሲሠራ ያልታሰበለት ሰው ከፊቱ ሲቆም የሚሆነውን ለማየት ጣትን፣ ፊትንና ስምን በየተራ መመልከት ይበቃል።

ጣት

ገዳሪፍ የሱዳን የእህል ጎተራ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ነው። በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ በ1940ዎቹ ተጀምሯል። የሰሊጥ አዝመራ ግን ዛሬም በአብዛኛው የሰው እጅ ይፈልጋል፤ የበሰለው ፍሬ ቆቡ በቀላሉ ተከፍቶ ስለሚረግፍ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ማጨድ፣ ማሰርና አቁሞ ማድረቅ አለበት።

የጣት አሻራ ማለት በጣት ጫፍ ቆዳ ላይ ያሉት ሸንተረሮች ቅርጽ ነው። ማሽኑ ሸንተረሮቹ የሚያበቁባቸውንና የሚከፈሉባቸውን ነጥቦች ለቅሞ ያወዳድራል። ለዓመታት ማጭድ የጨበጠ፣ ድንጋይ የፈለጠ ወይም አመድና ሳሙና ያልተለየው እጅ ሸንተረሩ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃልም። ማሽኑም ይህን እጅ ለማንበብ ይቸገራል። አሻራ በይበልጥ የሚጠፋባቸው ሰዎች፣ ማለትም የጉልበት ሠራተኞችና አረጋውያን፣ ብዙ ጊዜ ዕርዳታውን በብርቱ የሚፈልጉት ናቸው። በሱዳን ሴቶች ዘንድ የተለመደው የጣት ጫፍ ሒናም የአንዳንድ መሣሪያዎችን ንባብ ሊያውክ ይችላል። አንዲት ሙሽራ በጣቷ ላይ ያኖረችው ጥበብ ለማሽኑ እንደ ቆሻሻ ይቆጠራል ማለት ነው።

መፍትሔው ማሽኑን መጣል አይደለም። የዐይን አሻራ በተጨማሪነት የሚወሰደው አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላው እንዲከፈት ነው። ኢትዮጵያ “ፋይዳ” የተሰኘውን ብሔራዊ መታወቂያዋን የገነባችበት “ሞሲፕ” የተባለ ክፍት ሶፍትዌርም ጣት ወይም ዐይን ለሌለው ሰው ልዩ የአመዘጋገብ ሥርዓት አለው። ይህ የሚያሳየው “አሻራው ያልተነበበ ሰው ምን ይሁን?” የሚለው ጥያቄ መነሣት ያለበት ወረፋው ከተሰለፈ በኋላ ሳይሆን ንድፉ ሲነደፍ መሆኑን ነው።

ፊት

ስለ ፊት የሚነገረው ታሪክ ከዚህ አካባቢ ዕጣ ጋር የተሳሰረ ነው። ትምኒት ገብሩ ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ውስጥ ተወልዳ አደገች። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ወቅት በለጋ ዕድሜዋ ከአገር ወጥታ አሜሪካ ውስጥ ጥገኝነት አገኘች፤ በኋላም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ሆነች። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጣችው ጥናት ከፎቶግራፍ ተነሥተው ጾታን የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ሥርዓቶች ተፈተኑ። ለፈተናው የተመረጡት የሦስት የአፍሪካና የሦስት የአውሮፓ አገሮች የምክር ቤት አባላት ፊቶች ነበሩ። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ።

ጥናቱ ሳይንስ ነው። በብዙዎች ልብ ውስጥ እንዲገባ ያገዘው ግን ኪነ ጥበብ ነበር። ቡኦላምዊኒ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሜዲያ ላብ ተማሪ ሳለች፣ ትሠራበት የነበረው ካሜራ ፊቷን የለየው ነጭ ጭምብል ስታጠልቅ ነበር። ይህን ተሞክሮ በሠንጠረዥ ብቻ አላስቀረችውም፤ ታዋቂ ጥቁር ሴቶችን ማሽኖች ወንድ ብለው ሲፈርጁ የሚያሳይ የግጥም ቪዲዮ በ2018 ሠራች። ራሷንም “የኮድ ገጣሚ” ብላ ትጠራለች። አንድ መቶኛ ቁጥር ሊያስረዳ ይችላል፤ የተዋረደ ፊት ግን ያስቆጫል። በክትትል የተደረገ ጥናት የተተቹት ኩባንያዎች ስሕተታቸውን በእጅጉ መቀነሳቸውን አሳይቷል፤ ከእነርሱ አንዱ አይቢኤም በ2020 ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚውል የፊት መለያ ቴክኖሎጂ ማቅረቡን እንደሚያቆም አስታወቀ።

በታኅሣሥ 2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም 189 የፊት መለያ ሥርዓቶችን መርምሮ፣ አንዱን ሰው ሌላ አድርጎ የማየት ስሕተት በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ከፍተኛ መሆኑን ገለጸ። ይህ ለመተማና ለገላባት መንገደኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ስሕተቱ በይበልጥ የሚጎዳው የእርሱን ፊት ነው።

ስም

ሦስተኛው ፈተና እጅግ የቆየው ነው። አንድ ስም በግዕዝ ፊደል ከሚጽፍ ሰው ወጥቶ፣ በዐረብኛ ተናጋሪ መዝጋቢ ጆሮ አልፎ፣ በላቲን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ሲገባ በየደረጃው አንዳች ነገር ይጎድለዋል። ዐረብኛ የ“ጨ” እና የ“ጰ” ድምፅ የለውም፤ ጴጥሮስ የሚለው ስም በዐረቦች ዘንድ ቡጥሩስ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የተለመደው የላቲን አጻጻፍ ደግሞ “ተ” እና “ጠ”ን በአንድ ፊደል ያጠቃልላል። ስሙ ተመልሶ በአማርኛ ሲጻፍ የቱ እንደነበረ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ቅጹም ሌላ ችግር ያመጣል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። አባት በአባቱ፣ እናት በአባቷ፣ ልጅም በአባቱ ስም ስለሚጠራ የሦስቱ ሁለተኛ ስም ይለያያል። “የቤተሰብ ስም” ብሎ በሚጠይቅ ቅጽ ላይ እኒህ ሦስት ሰዎች ባዕዳን ይመስላሉ። የትውልድ ቀኑን በትክክል የማያውቅ ስደተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ “ጃንዋሪ 1” ተብሎ ይመዘገባል፤ በአንድ ቀን የተወለዱ የሚመስሉ እልፍ ሰዎች በመዝገብ ላይ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ፊደሉን ወደ ማሽን የማስገባቱ ትግል ራሱ የጥበብ፣ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ኅብረት ታሪክ ነው። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ላይ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሲያሳትም ቋንቋውን የተማረው በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበር። የብራና ጸሐፊው የእጅ ጥበብ ወደ ብረት የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ጥቂት ቁልፎች ብቻ ያሉት መሣሪያ ከሁለት መቶ በላይ ፊደላትን መሸከም ተሳነው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች ፊደሉን ከመኪናው ጋር ለማስታረቅ ደከሙ፤ ፊደሉ ለመኪናው ሲል ይለወጥ ወይ የሚል ክርክርም በሊቃውንት መካከል ተነሥቶ ነበር።

በ1980ዎቹ ዶክተር ኣበራ ሞላንና ፍሥሐ አጥላውን ጨምሮ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን በኮምፒውተር የሚጽፉ ሶፍትዌሮችን ሠሩ። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ስውር ቁጥር ስለነበረው ግን በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ከ300 በላይ የግዕዝ ምልክቶችን ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር ተሰጠው። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ “ኒያላ” የተባለውን የግዕዝ ፊደል መልክ ይዞ ወጣ። ዛሬ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ በፊደሉ መልእክት መላክ የሚችለው ከዚህ ሥራ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ስም በፊደሉ እንዳይመዘገብ የሚያግድ የቴክኒክ ምክንያት አሁን የለም፤ የቀረው የንድፍና የፈቃድ ጉዳይ ነው። ቅጹ ከላቲኑ ጎን ሰውየው ራሱ የሚጽፈው ስም የሚሰፍርበት ቦታ ቢኖረው፣ “የቤተሰብ ስም” በሚለው ፈንታ “የአባት ስም” እና “የአያት ስም” ቢል፣ መዝጋቢውም የጻፈውን ለባለቤቱ መልሶ ቢያነብለት ብዙ ስሕተት ገና ከምንጩ ይታረማል።

ጥበብ ለምን?

ጥበበኛን ከመሐንዲስ ጋር ማገናኘት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ መሐንዲሱ ቢሊ ክሉቨርና ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሁለቱን ሙያዎች የሚያጣምር ድርጅት መሥርተው ነበር። በዚህ ድንበር ግራና ቀኝም ቢሆን ፊደል ራሱ ሥዕል ሆኗል። ኦምዱርማን የተወለደው ኢብራሂም ኤል-ሳላሂ የዐረብኛን አጻጻፍ ወደ ዘመናዊ ሥዕል አምጥቷል፤ ኢትዮጵያዊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ የግዕዝን ፊደል የሥዕሉ መሠረት አድርጎታል። ለሁለቱም ፊደል ከድምፅ መያዣነት በላይ የማንነት መልክ ነው።

መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው “ይሠራል ወይ?” ብሎ ነው። ሳይንቲስት “ለማን ይሠራል፣ በማን ላይስ ይሳሳታል?” ብሎ ይለካል። የጥበብ ሰው ደግሞ በማሽኑ ፊት የቆመው ሰው ምን እንደተሰማው ያሳያል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ፈጣን የሆነ፣ ግን ሰውን የማያይ መሣሪያ ይሠራል።

በትክክል የሚያነብ ማሽንም ቢሆን በራሱ ሰብአዊ አይሆንም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በባንግላዴሽ ከሮሂንጋ ስደተኞች የተሰበሰበ መረጃ ያለ በቂ ፈቃዳቸው ለሸሹት መንግሥት ለሚያንማር ተላልፏል ሲል ከሰሰ፤ የስደተኞች ኮሚሽኑ በበኩሉ አሠራሩን ጠብቆ ስደተኞቹን ማስፈቀዱን ገልጾ ተከራከረ። በኬንያ ደግሞ በድርቅ ዘመን ዕርዳታ ለማግኘት በስደተኛነት የተመዘገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች፣ አሻራቸው በስደተኞች መዝገብ በመገኘቱ የዜግነት መታወቂያ ለዓመታት ተከልክለዋል። ስም ቢሳሳት ይታረማል፤ ጣትና ዐይን ግን አይለወጡም። በመሆኑም መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ስሕተት ሲገኝ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ በሚረዳው ቋንቋ ሊነገረው የሚገባው ለስደተኛው ነው።

ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ ስደተኞችን በፋይዳ መመዝገብ ጀምራለች፤ በሱዳን ደግሞ ጦርነቱ የመንግሥት መዛግብትንና የስልክ መስመሮችን ጭምር ጎድቷል። በየካቲት 2024 ኔትዎርክ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል በጠፋ ጊዜ ብዙዎች ከዘመድ ጋር መገናኘትም ሆነ ገንዘብ መቀበል አልቻሉም። ማሽን የሚጠፋበት ቀን እንዳለ የምሥራቅ ሱዳን ነዋሪ ከማንም በላይ ያውቃል። በዚያ ቀን በሰውየው እጅ የሚቀረው ስሙ በትክክል የተጻፈበት፣ ራሱም አንብቦ የሚያረጋግጠው ወረቀት ነው። ማንኛውም የምዝገባ ሥርዓት ሥራ ሲጀምር ቢያንስ ይህን አንድ ነገር ለባለቤቱ መስጠቱ ሊፈተሽ ይገባል።