የሐረግ ርዝራዥን ከውጭ ግድግዳ ማስለቀቅ

ተሳቢ ተክል ከተነሣ በኋላ በድንጋይ፣ በብሎኬት ወይም በልስን ላይ ተጣብቀው የሚቀሩትን ጥቃቅን ሥሮችና ሙጫ የማጽዳት ሥራ ነው። በደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እንደሚታየው ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ከሆነ፣ ትልቁ ስጋት ልስኑ አብሮ መገንጠሉ ነው። ስለዚህ ሐረጉ ለምለም ሳለ ፈጽሞ መጎተት የለበትም፤ ግንዱ ከሥር ተቆርጦ እስኪጠወልግ ይጠበቅና ከላይ ወደ ታች በዝግታ ይላቀቃል። የቀረው ርዝራዥ ሳይከርም በውኃ ርሶ በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ይፈገፈጋል። የሽቦ ብሩሽ ልስኑን ይቧጥጣል፤ ተሰብሮ የሚቀረው ሽቦም የዝገት ነጠብጣብ ይተዋል። አሲድ ሲሚንቶን ስለሚበላ ጨርሶ ባይሞከር ይሻላል። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ሥር ተለቅሞ ቀዳዳው በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ ይደፈናል፤ ቀለም የሚቀባው ግን የክረምቱ እርጥበት ከግድግዳው ሲወጣ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው።