የፖርት ሱዳን መስመርና የግብፅ ጥንብ አንሳ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ከፖርት ሱዳን ከተማ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመር ርዝመቱ 31 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በዘመኑ ዓይን ሲታይ የሚነቀፍ ሥራ አልነበረም፤ ምሰሶው ጸንቶ ቆመ፤ ኃይሉም ከታሰበለት ቦታ ደረሰ። ከስሌቱ ውጭ የቀረ አንድ ነገር ግን ነበር። ይኸውም ዛፍ በሌለበት በዚያ በረሃ ረጅም መንገድ ተጉዞ ለሚደርስ አሞራ ከምሰሶ የተሻለ ማረፊያ አለመኖሩ ነው።

የግብፅ ጥንብ አንሳ ገላው ነጭ፣ የክንፉ ዳር ጥቁር፣ ፊቱ ብጫ የሆነ አሞራ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.7 ሜትር ያህል ይሆናል። በአንድ ሽቦ ላይ ብቻ ያረፈ ወፍ ጉዳት እንደማይደርስበት የሙያው ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አደጋው የሚመጣው ወፉ ከመሬት ጋር በተያያዘ የብረት አግዳሚ ላይ ቆሞ ሽቦውን በክንፉ ሲነካ፣ ወይም ሁለት ሽቦዎችን ባንድ ጊዜ ሲያገናኝ ነው። ብዙ ሰው በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራው ግዙፍ መስመር ይበልጥ የሚገድል ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በግዙፉ መስመር ሽቦዎቹ ከአሞራው ክንፍ ስፋት በላይ ተራርቀው ይሰቀላሉ። በአነስተኛው መስመር ግን ልዩነቱ የስንዝሮች ጉዳይ ነው።

የአእዋፍ ተመራማሪው ጌርሃርድ ኒኮላውስ በ1982 እና በ1983 ይህን መስመር ተከትሎ ሲሄድ ከምሰሶዎቹ ሥር የሃምሳ ያህል የግብፅ ጥንብ አንሳዎች ሬሳ አገኘ። ያየውን በ1984 ስኮፐስ በተባለው የምሥራቅ አፍሪካ የአእዋፍ ጥናት መጽሔት ላይ አሳተመ። ጽሑፉ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ነገር ግን የታተመው መስመር የሚዘረጋ ሰው በማያነበው መጽሔት ላይ ነው። አጥኚውም ቢሆን የመሐንዲሱን መጽሔት አያነብም። መስመሩ እንደ ቀድሞው መሥራቱን ቀጠለ።

በመስከረም 2010 ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም አንዱ ሱዳናዊ፣ በዚያው መስመር ሥር ተመላልሰው አሥራ ሰባት ሬሳ ቆጠሩ። በ2013 ባሳተሙት ጥናት መስመሩ በዕድሜው ዘመን በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺህ የሚቆጠሩ አሞራዎችን ሳይገድል እንዳልቀረ ገመቱ። ቁጥሩ ለዶሮ ወይም ለቆቅ ቢሆን ብዙም ባላስደነገጠ ነበር። ጥንብ አንሳ ግን ለመራባት የሚደርሰው ከበርካታ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ በዓመት የሚጥለውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ነው። ለአቅመ መራባት የደረሰ አንድ አሞራ ሲሞት የሚተካው ቶሎ አይገኝም። ይህ ዝርያ በ2007 ከምድረ ገጽ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ጎራ ተመድቧል። በባልካን አገሮች በ1980 አካባቢ ከ600 ጥንድ በላይ ነበር ሲባል፣ ዛሬ ከ100 ጥንድ በታች ወርዷል።

ለመሆኑ በፖርት ሱዳን የሚሞተው አሞራ የማን አገር አሞራ ነው? ይህን ለመመለስ ይበልጥ የረዳው የሳተላይት መከታተያ ነው። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ አንድ የዶክትሬት ተማሪ በምሥራቅ ቱርክና በአፋር አሞራዎችን እየያዘ መሣሪያ አሰረባቸው። እርሱና ባልደረቦቹ ከሌሎች አጥኚዎች መረጃ ጋር አዋሕደው በ2018 ያሳተሙት ጥናት የ45 አሞራዎችን ጉዞ የያዘ ነው። አሞራዎቹ የሚጠብቡባቸው በሮች ሦስት ሆነው ተገኙ፤ እነርሱም በቱርክ የእስክንድሩን ዳርቻ፣ የስዊዝ አካባቢና ባብ ኤል መንደብ ናቸው። ከባልካን፣ ከቱርክና ከካውካሰስ የሚነሡት ብዙዎቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት በአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም በአፋር ነው። በዚያም በመቶዎች ሆነው በመንገዱ ዳር በቆሙት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ያድራሉ። ስለዚህ በአፋር የሚተከል አንድ አግዳሚ በቡልጋሪያ ገደል ላይ ያለ ጎጆን ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

የፖርት ሱዳኑ መስመር በ2014 ኃይሉ ለዘለቄታው ተቋርጦ በተሸፈነ ሽቦ በተሠራ ሌላ መስመር ተተካ። ከኒኮላውስ ጽሑፍ በኋላ 30 ዓመት መሆኑ ነው። በአፋርም አደገኛ ሆነው የተገኙ ምሰሶዎችን በማያስተላልፍ ሽፋን የመጠቅለል ሥራ ከዚያ ወዲህ ተጀምሯል። ሽፋኑ ሽቦው ከምሰሶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚደረግ ሲሆን፣ ገና በንድፍ ጊዜ ቢታሰብበት ኖሮ አግዳሚውን ጥቂት ማስረዘም ወይም ሽቦውን ከአግዳሚው በታች ማንጠልጠል ብቻ በበቃ ነበር።