ደረቱ መሬት ይንካ ወይስ እግሩ? እድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት ስለሚሠራ የመንቀሳቀሻ መሣሪያ፣ ከዱቦ አንጻር

የእንቅስቃሴ እድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት መሣሪያ የሚነድፉ ተመራማሪዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሕፃን በራሱ ፈቃድ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ ሲጀምር አስተሳሰቡ፣ ስሜቱና ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት አብረው ይለወጣሉ። ጆሴፍ ካምፖስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን በሰፊው አስረድተዋል። ሻርሊን በትለር እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር የሚሄድ ወንበር ለትናንሽ ልጆች የሚያስገኘውን ጥቅም አጥንተዋል። ኮል ጋሎዌይና ሱኒል አግራዋል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ገና መራመድ ያልጀመሩ ሕፃናት ትንሽ ሮቦት መንዳት እንደሚችሉ አሳይተዋል። የእነዚህ መሣሪያዎች ባትሪና ለስላሳ ወለል መፈለግ ይህ ጽሑፍ ለሚያስብለት ለወላይታ ገጠር ባይመችም ከመሠረተ ሐሳባቸው ጋር ክርክር የለኝም።

ክርክሬ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቱቢ ኮሎቤና አንድሪው ፋግ ከሠሩት የመዳሂያ መሣሪያ ጋር ነው። መሣሪያው ሕፃኑ በደረቱ የሚተኛበት ባለ ጎማ ሰሌዳ ነው። ሴንሰሮች የእጅና የእግሩን እንቅስቃሴ ያነባሉ፤ ሕፃኑ ትንሽ ሲገፋ ሞተሩ ያግዘውና ወደፈለገበት ይወስደዋል። የታሰበው በተለይ ሴሬብራል ፓልሲ ለሚያሰጋቸው ሕፃናት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ሕፃን ሙከራው ፍሬ እያጣበት ተስፋ ቆርጦ እንዳይተው ማድረግ ነው ዓላማው። ምህንድስናው የሚደነቅ ነው። ከምህንድስናው በፊት የተወሰነው ውሳኔ ግን ያለ በቂ ምርመራ ያለፈ ይመስለኛል፤ ሕፃን ወደ እንቅስቃሴ የሚገባው በመዳህ በር ነው የሚለው ውሳኔ።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት ስድስት የእንቅስቃሴ ደረጃዎችን መዝግቧል። ያለ ድጋፍ መቀመጥ፣ በድጋፍ መቆም፣ በድጋፍ መራመድ፣ ብቻውን መቆምና ብቻውን መራመድ በሁሉም ዘንድ የሚጠበቁ ሆነው ተገኝተዋል። በእጅና በጉልበት መዳህ ግን 4.3 በመቶ በሚሆኑት ሕፃናት ላይ ጭራሽ አልታየም። እነዚህ ሕፃናት ሕመምተኞች አይደሉም፤ መዳህን ዘለው ተራመዱ። ከስድስቱ መካከል ጤነኛ ሕፃን ሊዘለው የሚችለውን አንዱን ደረጃ መርጦ መሣሪያን በሙሉ በእሱ ላይ ማቆም ለምን እንዳስፈለገ ማስረጃ ሊቀርብበት ይገባ ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ፤ የመሣሪያ ነዳፊዎች ግን ወደ እሱ ብዙም ሲመለሱ አይታይም። ቻርልስ ሱፐር እ.ኤ.አ. በ1976 በምዕራብ ኬንያ ስላሉ የኪፕሲጊስ ሕፃናት ያሳተሙት ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ማርሴል ጌበር እ.ኤ.አ. በ1957 ከኡጋንዳ ተነሥተው የአፍሪካ ሕፃናት በእንቅስቃሴ ፈጣን ናቸው ብለው ነበር፤ ብዙዎችም ይህን እንደ ዘር ጠባይ ወሰዱት። ሱፐር ግን እናቶቹ ምን እንደሚያደርጉ ተመለከቱ። የኪፕሲጊስ እናቶች ልጃቸውን መቀመጥና መራመድ ሆን ብለው ያስተምራሉ፤ ለመቀመጫውም መሬቱን ጥቂት ጎድጎድ አድርገው ጀርባውን ያስደግፉታል። ልጆቹ ፈጥነው የተገኙት በእነዚሁ በተማሩት ነገሮች ነው፤ ባልተማሩት አልፈጠኑም። ሱፐር ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰቦችንም ሲያነጻጽሩ፣ ብዙ እናቶች መዳህን በሚያስተምሩበት ቦታ ሕፃናት ቀድመው እንደሚድሁ አገኙ። እንግዲህ መዳህም ትምህርት ነው። መዳህን የሚያስተምር ማሽን የተፈጥሮን መንገድ ተከተለ ማለት አይቻልም፤ የአንድ ማኅበረሰብን ሥርዓተ ትምህርት ነው ይዞ የሚመጣው።

አሁን ወደ ዱቦ እንምጣ። ዱቦ በአረካ አጠገብ ያለች፣ የቅድስት ማርያም ካቶሊክ ሆስፒታል የሚገኝባት ስፍራ ናት። በዙሪያዋ ባለው የወላይታ ገጠር ቤት ፊት ለፊቱ ሣር የለበሰ ደጅ፣ ከጓሮው እንሰት አለው፤ ውስጡ የአፈር ወለል፣ ክፍት ምድጃ፣ ብዙ ጊዜም ከብት አለበት። በዝናብ ወራት ቀዩ አፈር ጭቃ ነው። ሕፃን በእናቱ ወይም በእህቱ ጀርባ ታዝሎ ይውላል፤ ሲወርድ ይቀመጣል፣ እጁን ይዘው ያቆሙታል፣ እያበረታቱ ያጨበጭቡለታል። ቤተሰቡ ልጁን የሚጠራው ወደ ላይ ነው። በምድጃና በከብት መካከል በደረቱ እንዲሄድ የሚያደርግ መሣሪያ ቤተሰቡ ከሚያውቀው ትምህርት ጋር ይጋጫል፤ ከቤተሰቡ ጋር የሚጋጭ መሣሪያ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል።

የማቀርበው ንድፍ ከመቀመጥና ከመቆም ይነሣል። የባሕር ዛፍ እንጨት ማዕቀፍ ሆኖ፣ ለመጀመሪያው ደረጃ ጀርባንና ጎንን የሚደግፍ፣ ከፊት ክፍት የሆነ ዝቅተኛ መቀመጫ ይሆናል። የሕፃኑ ሁለት እግሮች ሙሉ በሙሉ መሬት ይንኩ፤ የሚሄደውም በእግሩ ሲገፋ ብቻ ይሁን። መቀመጫው ሲወጣ ያው ማዕቀፍ ቆሞ የሚገፋው ድጋፍ ይሆናል። ጎማው ከፊት ብቻ ሆኖ ሰፊ፣ በአሮጌ የመኪና ጎማ የተለበጠ ይሁን፤ የኋላው እግር መሬት እየጫረ ቁልቁለት ላይ እንዳይንደረደር ይይዘዋል። ማሰሪያው በጨርቅ የተጠቀለለ የእንሰት ቃጫ ሊሆን ይችላል። ዴቪድ ወርነር እ.ኤ.አ. በ1987 ለመንደር አካል ጉዳተኛ ሕፃናት በጻፉት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነገር በመንደር አናጢ እጅ እንደሚሠራ በሥዕል ጭምር አሳይተዋል። በዚያው በወላይታ፣ በሶዶ ከተማ፣ የሞሲ ፉት ማኅበር በእግር እብጠት ለተጎዱ ሰዎች ልዩ ጫማ በራሱ ወርክሾፕ መሥራቱም አካባቢው ለዚህ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

በደረት መተኛት አንገትን ያጠነክራል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በጀርባ የታዘለ ሕፃንም ጭንቅላቱን ሲያነሣና ሲያዞር ይውላል፤ በደረት ማስተኛትም ያለ ማሽን በሣር ላይ ይቻላል። ሁለተኛው ተቃውሞ ንድፉ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ካገደችው ባለ ጎማ የሕፃን መራመጃ ጋር ይመሳሰላል የሚል ነው። ሲጀልና በርተን እ.ኤ.አ. በ1999 መራመጃ የሚጠቀሙ ሕፃናት ዘግይተው እንደሚቀመጡና እንደሚራመዱ አግኝተዋል። ነገር ግን ያ መሣሪያ ሕፃኑን አንጠልጥሎ ይይዛል፣ የገዛ እግሩን እንዳያይ ይጋርደዋል፣ በፍጥነትም ይንሸራተታል። እዚህ የቀረበው በሦስቱም ተቃራኒው ነው።

ንድፉ ለሁሉም ሕፃን አይሆንም። ጭንቅላቱን መያዝ የማይችል ልጅ ሌላ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ በስፓይና ቢፊዳ ምክንያት እግሩ የማይሰማው ልጅ ቆዳው በየቀኑ መታየት አለበት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳያየው ማንም መጠቀም የለበትም፤ በሙከራም መፈተሽ ይኖርበታል።

ሙከራውን ለመጀመር አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው ዙር በ9 ወር ይሰጣል፤ በዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ያለ ድጋፍ የመቀመጥ የመጨረሻው ወሰንም 9.2 ወር ነው። መመዘኛውም ከአገር ውስጥ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በጅማ ለኢትዮጵያውያን ሕፃናት የተስተካከለው የዴንቨር የእድገት መለኪያ ለዚህ ይበቃል። የዱቦ ሆስፒታልና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በክትባቱ ቀን ሳይደገፍ መቀመጥ ያልቻለውን ሕፃን ይመዝግቡ፣ በቅርብ ይከታተሉ፤ የአረካን አናጢዎችም ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጡ።